ብራዚላዊው አሰልጣኝና በር ላይ የቆሙት አበልጆች

ስለ ራሱ ሲያወራ ነገር የሚያሳንስ ሰው ለጋዜጠኛ ፈተና ነው። የሚያጋንነውን እናውቅበታለን፤ ከሚለው ላይ ግማሹን ቀንሰን የቀረውን ቼክ እናደርጋለን። የሚያሳንሰው ግን የት ላይ እንደሚጨመርለት አይታወቅም። ብራዚላዊው አሰልጣኛችን ከሁለተኞቹ ነው። ለንደን፣ ሃርልስደን ውስጥ የአገሩ ሰዎች በከፈቱት ካፌ ተቀምጠን የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ሳደርግለት፣ በተጫዋችነት ዘመኑ ስንት ጎል እንዳገባ ጠየቅኩት።

"ሁለት" አለኝ፣ አይብ የገባበትን ትንሽ ዳቦ እየቆረሰ። "ሁለቱንም የራሳችን መረብ ውስጥ።"

ቤቴ ገብቼ የአገሩን የድሮ ጋዜጦች ኢንተርኔት ላይ ስፈትሽ ሦስት ሆነው አገኘኋቸው። ሦስተኛዋም የገባችው እዚያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ስነግረው ቅር አላለውም። ትንሽ አሰበና፣ ያቺን እንኳ ለበረኛው ይጽፉለታል ብዬ ነበር አለ።

እኔ ለንደን ውስጥ ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ስዘግብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የማኅበር ስብሰባ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ምርጫ፣ የካውንስል ቤት ጣጣ፣ ለቅሶና ሠርግ፣ ያልዘገብኩት የለም። ሁለት ደንቦች አሉኝ። ያላረጋገጥኩትን አላወራም፤ ከምዘግበው ነገር ውስጥም እጄን አላስገባም። እሑድ እሑድ ግን የእኛን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ለማየት እሄድ ነበር፤ የውኃ ጠርሙሶቹን የሚሸከም ሰው ሲጠፋ እኔ ተሸከምኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚቀበለኝ አልተገኘም። ስለዚህ ሁለተኛዋ ደንቤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ላላ ትላለች።

ቡድናችን በእሑድ ሊግ የመጨረሻው እርከን ላይ የሚጫወት የሐበሻ ቡድን ነው። አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ ሆስፒታል የሚሠራ አለ፣ ተማሪ አለ፣ እዚሁ ተወልዶ አማርኛውን ከእናቱ ስልክ ወሬ የለቀመም አለ። ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ጨዋታችን ከሰዓት እንዲሆንልን ሊጉን ለምነን አስፈቅደናል። በጾም ወራት ግማሹ ቡድን ከቤተ ክርስቲያን ሮጦ ሲመጣ ጾም ውሎ የቀመሰው አንድ ሙዝ ብቻ ነው። አሰልጣኝ አልነበረንም። ሁሉም ይመክራል፣ ማንም አይሰማም።

ብራዚላዊው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዋይት ሲቲ አካባቢ፣ ከመኪና መንገዱ ድልድይ ስር በሽቦ የታጠረ ሜዳ ላይ ልምምድ ላይ ነበርን። የዕቃ ማድረሻ ቫን መጥቶ አጥሩ ጥግ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ ሳንድዊቹን እየበላ በሽቦው በኩል ሲያየን ቆየ። ከዚያ የሳንድዊቹን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በበሩ ገባ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ተከላካያችን ሄዶ ሁለቱን ትከሻዎቹን ያዘው፤ እንደ ቁም ሣጥን ፈንጠር አድርጎ አስቀመጠውና ተመለሰ። ማን ነህ ያለው ሰው የለም። ኮቱ ላይ ያለው የኩባንያ አርማ ስላልታየን ከካውንስሉ፣ ከሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ የተላከ መስሎን ነበር፤ ሜዳውን የተከራየነው በሌላ ማኅበር ስም ስለሆነ ሁላችንም ጸጥ አልን። በማግስቱም መጣ። ከካውንስል አለመሆኑን ያወቅነው ቡድኑን ሙሉ በሙሉ ከተረከበ በኋላ ነው።

በመካከላችን የነበረችው ቋንቋ እንግሊዝኛ ናት፤ የእሱም የእኔም ያልሆነች። እሱ በፖርቱጋልኛ ያጠጣታል፣ እኔ በአማርኛ። ይሁንና ታሪኩን በቁርጥራጭ ነገረኝ፤ እኔም ቁርጥራጩን እየያዝኩ አጣራሁ።

ያደገው ከባሕሩ ርቃ በምትገኝ፣ ዙሪያዋ ሸንኮራ አገዳ በሆነ ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ አገዳ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሱም አጥቂ መሆን ነበር የሚመኘው። አንድ ትልቅ ክለብ ታዳጊዎችን ሊመርጥ ከተማቸው ሲመጣ፣ ልጆቹን በሚጫወቱበት ቦታ ለይተው አሰለፏቸው። የአጥቂዎቹ ሰልፍ ከሜዳው ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰ። በተከላካዮቹ በኩል የቆሙት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ ተሳስቶ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ሰልፉ አጭር ስለሆነ ነው ተከላካይ የሆንኩት" ይላል። ይህንን ማረጋገጥ ስላልቻልኩ በሬዲዮ ሳቀርበው "እሱ እንደሚለው" ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ተረጋግጧል። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጫወተ። አንድ ጊዜ በዋንጫ ጨዋታ የዘመኑን ታዋቂ አጥቂ ጠብቅ ተብሎ እንደ ጥላ ሲከተለው ዋለ። ምን አለህ ስለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳናገረው፣ እሱም ስንት ደቂቃ ቀረ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። የማግስቱን ጋዜጣ አገኘሁት። ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ነገር ሲባል የእሱ ስም ጭራሹን ተዘሏል። ይህንን ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ለተከላካይ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም አለኝ፤ ያቺን ገጽ አትሜ እንድሰጠው ለመነኝ።

አንደኛ ዲቪዚዮን የተጫወተው አንድ የውድድር ዓመት ብቻ ነው፤ ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ቀልዱ ይቀንሳል። አብሮት በመሃል ተከላካይነት ከሚሰለፈው ልጅ ጋር ተኳርፈው ነበር። ምክንያቱ ሠርግ ነው። ጓደኛው ሲያገባ ጠርቶት፣ ሕፃናቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ቃል ሳይለዋወጡ ተጫወቱ። በመጨረሻው ጨዋታ አንዲት ረጅም ኳስ በመካከላቸው ወረደች። አንዱም የኔ አላለ፤ አንዱም ያንተ አላለ። ኳሷ መሬት ነጥራ በሁለቱ መሃል አለፈች፣ የተቃራኒው አጥቂም ተከትሏት አለፈ። ቡድናቸው ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። እሱም ወደዚያ ዲቪዚዮን ዳግመኛ አልተመለሰም። ፖርቱጋል ሄደ፣ ቀጥሎ ቆጵሮስ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ የሚስቱ እህት ሃርልስደን ስለነበረች ለንደን መጡ። ቫኑን የያዘው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በምክንያት ነው። አሰልጣኙ ምዕራብ ለንደን ውስጥ ላለ አንድ የታዳጊዎች አካዳሚ ሥራ አፕላይ አድርጎ ነበር፤ ታዳጊ ተከላካዮችን ለማሠልጠን። ወደውታል። ሥራው ያንተ ነው፣ ግን ቀጣዩን የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ማግኘት አለብህ አሉት። ኮርሱን ጨርሷል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ገምጋሚ መጥቶ ከራሱ ቡድን ጋር በጨዋታ ቀን ሲሠራ ያየዋል። የተመደበለት ርዕስ መከላከል ነው። የራሱ ቡድን ደግሞ እኛ ነን። ካለፈ ከቫኑ ይወርዳል፤ ካላለፈ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። የሰውየው እንጀራ እንዲህ ባለ ሁኔታ እኛ እግር ላይ ወደቀ።

ችግራችን ደግሞ መሃል ላይ ነው። ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች፣ በእኛ ዘመን አነጋገር ስቶፐሮቹ፣ በየራሳቸው ጥሩ ናቸው። አንደኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ ሮጦ የሚመጣ ተሳፋሪ ሳይጠብቅ በሩን ዘግቶ የማያውቅ። ሁለተኛው ነርስ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶም የሚጫወት። አንድ ለአንድ ሲሆን ማንም አያልፋቸውም። ኳሷ በሁለቱ መሃል ስትወርድ ግን ሁለቱም ቆመው ያዩዋታል። በዚያ ዓመት የገባብን ጎል አብዛኛው በዚያች ክፍተት ነው።

አሰልጣኙ አይቶ ፈረደ። ተኳርፈዋል አለ። ልምምድ ሲያልቅ ጎትቶ ወሰደኝና፣ በመካከላቸው ምን ተፈጥሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። እንዲያውም ሹፌሩ የነርሱን ሴት ልጅ ክርስትና አንስቷታል፤ አበልጆች ናቸው፤ እኛ ዘንድ አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ በላይ የሚከበር ነው። አላመነኝም። ጋዜጠኛ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም አለኝ። እንደዚያ ዓይነቱን ዝምታ በራሱ ላይ አይቶታል፤ የሠርጉን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝም ያን ቀን ነው። ቅዳሜ ሃርልስደን ካፌው ጠርቼ አስታርቃቸዋለሁ፣ አንተም ለማስተርጎም ና አለ።

ቅዳሜ ቀድመን ደርሰን መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ውጭ ያካፋል። አሰልጣኙ ስለ ይቅርታ የሚናገረውን ንግግር እየተለማመደ ነበር። ሁለቱ አበልጆች እያወሩና እየሳቁ መጡ፤ አሰልጣኙ ይህንን አየና ግራ ገባው። በሩ ጋ ደረሱ። ሹፌሩ በሩን ገፋ አድርጎ ያዘውና ቆመ።

"ግባ፣ አበልጄ።"

"ኧረ ምን በወጣኝ፤ አንተ እያለህ?"

"ዛሬ እንኳ እሺ በለኝ እንጂ።"

"ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀድምህም።"

"እንግዲያው ሁለታችንም እዚሁ እንከርማለን።"

ነርሱ የሹፌሩን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ሹፌሩ በሩን እንደያዘ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ከኋላቸው ሰው ተጠራቀመ። ለእኔ ይህ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በየሳምንቱ በየበሩ የማየው ነው፤ እኔም የምቆመው። ምናሌውን ማንበብ ጀመርኩ። በዚህ መሃል አንዲት ብራዚላዊት ባልቴት የገበያ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ፤ ጎንበስ ብለው በሁለቱ መሃል ሰንጥቀው ገቡና ባንኮኒው ጋ ደረሱ። ሁለቱ አላስተዋሏቸውም።

አሰልጣኙ ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"ጎል" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን እየተባባሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ለምን አለ። መቅደም ራስን ማስቀደም ነው፤ የሚወደድ ሰው እንዲቀድም ይለመናል፤ የተለመነው ደግሞ እሺ ብሎ ዘው አይልም፣ እምቢ ማለት አለበት፤ ልመናው ይደገማል፤ ከዚያ አንዱ ይሸነፋል፣ ብዬ በተቻለኝ አስረዳሁት። ምን ያህል ጊዜ ይደጋገማል አለ። እንደ ሰዉ ነው አልኩት፤ ለጎረቤት ጥቂት ይበቃል፣ ለአበልጅ ግን ልክ የለውም። ለዚህ ነገር ስም አለው ወይ አለኝ። መግደርደር ይባላል አልኩት። እሺ እያሉ በሆድ፣ እምቢ ማለት በአፍ። ቃሏን ደጋግሞ ሞከራት፤ አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠ። እንደምንም ብሎ ያዛት።

"እነዚህ ሰዎች አልተጣሉም" አለኝ በመጨረሻ፣ እንደ ጅል እየሳቀ። "ከመጠን በላይ ይዋደዳሉ። የዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ኮርሱ ላይ አልተሰጠንም።"

የማስታረቂያ ንግግሩን ዋጠው። አበልጆቹ ለምን እንደተጠሩ እስከ ዛሬ በትክክል አያውቁም፤ ሲበሉ ዋሉ።

መድኃኒቱን መጀመሪያ የፈለገው ኮርሱ ላይ በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፤ ወደ ኳሱ የሚሄደው ተጫዋች "የኔ" ብሎ ይጮኻል፣ ሌላው ይሸፍነዋል። አሰልጣኙ ሜዳው መሃል ሁለት እንጨት እንደ በር ተከለና አበልጆቹን በግራና በቀኝ አቆማቸው። ኳስ ይወረውራል፤ ቀድሞ የደረሰ "የኔ" ብሎ ይዞ ያልፋል። ነርሱ "የኔ" ያለው ለታማሚ መጥፎ ውጤት እንደሚናገር ሰው ነው። ሹፌሩ "የኔ" ካለ በኋላ "ይቅርታ" ጨመረበት። በረኛችን፣ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገና ባንክ የሚሠራ ወጣት፣ በሳቅ መሬት ተቀመጠ።

"ሲሪየስሊ ጋይስ፣ ኳስ ነው እኮ፤ ርስት አይደለም" አላቸው።

"ለአንተ ቀላል ነው" አለው ሹፌሩ። "እኛ ሰፈር የኔ የኔ የሚል ልጅ ስግብግብ ተብሎ ይኮረኮም ነበር። ይሄ ጭንቅላት ተኮርኩሞ ነው ያደገው።"

ሳምንቱን ሙሉ ሞከሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። አሰልጣኙ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪው ላይ በጣቱ ሲያንኳኳ አየሁት። በሚቀጥለው ልምምድ እንጨቶቹን እንደገና ተከለና ሰበሰበን፤ እኔንም ለማስተርጎም ከጠርሙሶቹ ጠራኝ። "የኔ" ቀርቷል አለ። ከዛሬ ጀምሮ መጋበዝ ተፈቅዷል። ኳሷ ለጓደኛው እንደምትቀርብ ያየ ሰው "ያንተ" ብሎ ይጮህ። ግን አንድ ግብዣ ብቻ ነው። መልስ የለም፣ ልመና የለም፣ ዞሮ ማየት የለም። የተጋበዘ ይበላል።

"ሳይግደረደር?" አለ ነርሱ።

"መግደርደር የለም" አለ አሰልጣኙ፣ በአማርኛ። ሁሉም ሰው ቆሞ አጨበጨበለት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንደ ዘጋቢ እመሰክራለሁ። የኔ ለማለት ድምፅ ያጡት ሁለት ሰዎች፣ ያንተ ለማለት ሲሆን ድልድዩ ላይ የሚያልፈው መኪና እስኪሰማ ጮኹ። የሚጋብዝ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጋብዛል፤ እንዳይቀደም። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ባለቤቷ ይታወቃል። ወሩን ሙሉ በዚያች ክፍተት ጎል አልገባብንም።

የግምገማው እሑድ ደረሰ። ገምጋሚዋ ረጅም እንግሊዛዊት ናት፤ ራሷም ድሮ ተጫዋች የነበረች፤ ዝናብ መከላከያዋን እስከ አገጯ ዘግታ መስመሩ ዳር ቆመች። ትሑት ናት፣ ፊቷ ግን ምንም አይነግርም። በሙያዬ እንደዚህ ዓይነት ፊት ብዙ አይቻለሁ፤ የፍርድ ቤት ዳኞች ላይ። አሰልጣኙ ያን ቀን ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አበልጆቹን ጠርቶ በዝግታ ነገራቸው፤ እኔም ተረጎምኩ። ዛሬ እንደ መጽሐፉ እንሥራ አለ። የምትፈትነኝ ሴትዮ የምታውቀው መጽሐፉን ነው፤ "የኔ" በሉ።

እሺ አሉ። እሺ የሚሉት ግን በየትኛው ድምፅ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሁለቱም የኔ ለማለት ይሞክራሉ፣ ድምፁ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። ዕረፍት ሊሆን ሲል ረጅም ኳስ መጣች፤ በመካከላቸው ወረደች፤ ቆመው አዩዋት። የተቃራኒው ቡድን አጥቂ እንደዚያች ባልቴት ሰንጥቆ ገባ። አሰልጣኙ መረቡ ውስጥ ያለችውን ኳስ ያያል። የት እንዳለ ግን ገባኝ፤ ለንደን አልነበረም።

በዕረፍት ሰዓት ክብ ሠርተን ቆምን። አሰልጣኙ ሣሩን ያያል። ገምጋሚዋ መጥታ ንግግሩን ለመስማት ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ንግግር ግን የለም። በረኛው፣ ኮች፣ ዊዝ ሪስፔክት፣ ያንን የበሩን ነገር እንመልሰው አለ። አሰልጣኙ በዓይኑ ወደ ሴትዮዋ አመለከተ። ያኔ ሹፌሩ ተናገረ፤ በአማርኛ፣ ወደ እኔ እያየ።

"ንገርልኝ። ሥራው የእሱ ነው፤ የሚለንን እናደርጋለን። ግን ዛሬ የሚያፍርብን ከሆነ፣ በማናውቀው ከሚያፍርብን በምናውቀው ይፈርብን።"

ተረጎምኩ፤ አንድም ቃል ሳልጨምር። አሰልጣኙ ሹፌሩን አየው፤ ነርሱን አየው፤ የተኮሰውን ሸሚዝ እጅጌ ሰበሰበ።

"መግደርደር የለም" አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሜዳው የእኛ ሆነ ብል አጋነንኩ ይባላል፤ ድምፁ ግን የእኛ ነበር። ያንተ! ያንተ! ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። የተቃራኒው ቡድን ልጆች ምን እየተባለ እንደሆነ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ከማዕዘን ምት አንድ አገባን፤ እኩል ሆንን። ሊያልቅ ሲል ያቺው ኳስ መጣች፤ ረጅም፣ ከፍ ያለች፣ ልክ መሃላቸው የምትወርድ። ሹፌሩ ገና ሳትወርድ "ያንተ" ብሎ ጋበዘ። ነርሱ ከልማዱ አንገቱን ወደ አበልጁ ሊያዞር ሲል አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትቶት ዘለለና በግንባሩ መትቶ ከመስመሩ ውጪ ጣላት። ከኔ ጠርሙሶች ሁለቱን ይዛ ሄደች።

አንድ ለአንድ አለቀ። ገምጋሚዋ መጥታ፣ ልጆቹ ሲጮኹ የነበረው ምን ማለት እንደሆነ አሰልጣኙን ጠየቀችው። "ያንተ" ማለት ነው አላት። መጽሐፉ የሚለው ተቃራኒውን እንደሆነ በትሕትና አስታወሰችው። አውቃለሁ አለ፤ ስለ በሩ ሊያስረዳት ጀመረ፤ እንግሊዝኛው ግን መሃል መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ፤ ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛዋ ደንቤ ትዝ አለችኝ። ገምጋሚዋን እንኳ እኔ ላላስረዳ ብዬ ዝም አልኩ። ግን አላስፈለገም። አበልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ከፊታችን እየሄዱ ነበር። የሽቦው በር ጋ ደረሱ። ሹፌሩ በሩን ያዘ።

"ግባ" ሳይሆን በዚህኛው "ውጣ" ነው፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ገምጋሚዋ ከኋላቸው ደረሰችና ቆማ ጠበቀች። ጠበቀች። ቀስ ብላ ዞራ አሰልጣኙን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እሱ ትከሻውን ሰበቀ። አበልጆቹ ሲወጡ እሷም ሄደች።

ውጤቱ ሳይመጣ ሰነበተ። አሰልጣኙ ልምምድ ይመጣል፣ ያሠለጥናል፣ ወደ ቫኑ ይመለሳል። ማንም አልጠየቀውም፤ መጠየቅ ክፉ ገድ የሚያመጣ ይመስል። አንድ ሐሙስ ደወለልኝና፣ ቅዳሜ ለምሳ ኬንቲሽ ታውን የሐበሻው ምግብ ቤት ሁላችሁንም እጋብዛለሁ አለ። ምን ሆነ አልኩት። ሁሉም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የምነግራችሁ አለ። ድምፁን ለማንበብ ሞከርኩ። የዓመታት ልምድ ምንም አልረዳኝም።

ቅዳሜ በሩ ላይ ተገናኘን፤ እንደ ልማዱ እያካፋ። አበልጆቹ አሰልጣኙን አንተ ቅደም አሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት፤ ዘው ብሎ ገባ። እሱስ ይሁን፤ አበልጆቹ ሜዳ ላይ የተማሩት ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሹፌሩ በሩን ያዘ። ነርሱ የሹፌሩን ክንድ ያዘ። እኔና በረኛው ከኋላ ዝናብ ላይ ቆምን።

"አበልጄ፣ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው፤ ግባ።"

"ትልቅ ቀን ስለሆነ ነው እኮ አንተ የምትገባው።"

"ጋሼ፣" አለኝ በረኛው ኮፍያውን እየጎተተ፣ "ኮች ሥራውን ያግኝ አያግኝ ሳንሰማ በብርድ ልናልቅ ነው።"

አሰልጣኙ ከውስጥ ተመልሶ መጣ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በሩ መሃል ቆመ።

"ተቀምጣችሁ ልነግራችሁ ነበር" አለ። "እናንተ እስክትገቡ ከጠበቅኩ ግን ጡረታ ልወጣ ነው። ሥራውን አግኝቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አሰልጣኝ ነኝ።"

ገምጋሚዋ ከመጽሐፉ በመውጣቱ ነጥብ ቀንሳበት፣ ለምን እንደወጣ በማወቁ ደግሞ ከዚያ በላይ እንደጨመረችለት የሰማነው በኋላ ነው። ያኔ ግን የሰማ አልነበረም። ሁለቱ አበልጆች ምንም ሳይጋበዙ፣ እኩል፣ ሊያቅፉት ዘለሉ፤ ትከሻቸው በሩ ላይ ተጣበቀ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። አሰልጣኙ ትንሽ አያቸውና ሹፌሩን በሁለት ትከሻው ይዞ፣ የመጀመሪያ ቀን የግራ ተከላካያችንን እንዳደረገው፣ ፈንጠር አድርጎ አስቀመጠው። ወደ ነርሱ ዞሮ "ያንተ" አለ። ነርሱ ገባ። ሹፌሩ ተከተለ።

በረኛው በሩን ያዘልኝ። "ጋሼ፣ ይቅደሙ።"

አንተ እያለህ ልለው አፌን ስከፍት አሰልጣኙ ከውስጥ እያየኝ ነበር።

ገባሁ።